ያለ ደመወዝ የሚመሩ ሰዎች፦ ከአዊ ፈረሰኞች ማኅበርና ከመሐንዲሶች ማኅበር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት



በአገራችን የሙያ ማኅበራት ዘንድ የተለመደ አንድ መልካም ሥርዓት አለ። ለብዙ ዓመታት ያለ ደመወዝ የመራ ሰው ኃላፊነቱን ሲያስረክብ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ካባ ይደረብለታል፤ የምስጋና ወረቀት ይሰጠዋል፤ ጉባኤውም ቆሞ ያጨበጭባል። ሥርዓቱን የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን እንደ ታሪክ ተማሪ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ፦ ካባው ከተደረበ በኋላ የዚያ ሰው አገልግሎት በምን ይታወቃል? በግንባታ ሙያ መስክ ይህ ጥያቄ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማኅበር ሲደክም የሚጎዳው የማኅበሩ ስም ብቻ ሳይሆን ከጣሪያው ሥር የሚያድረው ሰው ነው።

መልሱን ፍለጋ ከቤታችን እጀምራለሁ። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ስለ ማኅበር መሪነት የሚናገር ሰው የአገው ፈረሰኞችን ማኅበር ሊያልፍ አይችልም። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዘመኑን ልብ በሉት፤ አገሪቱ በጣሊያን ወረራ ሥር፣ ጎጃምም በአርበኞች ትግል ውስጥ የነበረችበት ጊዜ ነው። ማኅበሩ የሚዘክረው ፈረስ በዓድዋ ድልና በአርበኝነት ዘመን የዋለውን ውለታ ነው። ዓመታዊ በዓሉን በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ጥር 23 ቀን፣ እንጅባራ ላይ ያከብራል። በጥቂት ሰዎች የተጀመረው ይህ ማኅበር ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል።

የበዓሉን ድምቀት በየዓመቱ በቴሌቪዥን ታያላችሁ፤ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ከጥር 23 ቀን ውጭ ያለው ሥራ ነው። ፈረሰኛው ለሠርግ ያጅባል፤ ለቀብር ይወጣል። አባላት ሲጣሉ ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቃል። ደም የፈሰሰበት ጠብ ሳይቀር በሽምግልና ይታያል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብሩት አለቆች ከፈረሳቸው ቀለብ ጀምሮ ወጪያቸውን የሚችሉት ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ክብራቸው ከየት ይመጣል? እንደ እኔ ግንዛቤ፣ ክብራቸው የሚመጣው በሰልፉ ፊት ከመጋለባቸው ሳይሆን የገዛ ማኅበርተኛቸውን «አጥፍተሃል፤ ካስ» ብለው መናገር ከመቻላቸው ነው። አለቃው ከሰው ደመወዝ ስላልተቀበለ ፍርዱ አይጠረጠርም። ያለ ደመወዝ ማገልገል ለድሀ ማኅበር ገንዘብ ማዳኛ ብቻ አይደለም፤ የመዳኘት ሥልጣን ምንጭም ነው።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ግንባታ ሙያ ማኅበር ስንሻገር፣ የዘርፉን ቀዳሚ ማኅበር ታሪክ ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1818 መጀመሪያ ላይ ጥቂት ወጣት መሐንዲሶች ለንደን ውስጥ በአንድ የቡና መጠጫ ቤት ተሰብስበው የሲቪል መሐንዲሶችን ተቋም መሠረቱ። ዓላማቸው እርስ በርስ መማማር ነበር። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት ያህል ማኅበሩ ሳያድግ ቆየ። በ1820 ቶማስ ቴልፎርድን ፕሬዚዳንት እንዲሆንላቸው ጠየቁት፤ እርሱም ተቀብሎ በ1834 እስኪሞት ድረስ መራቸው።

ቴልፎርድ የስኮትላንድ እረኛ ልጅ ነበር። አባቱ የሞተው እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ሥራ የጀመረውም በድንጋይ ጠራቢነት ነው። በኋላ በስኮትላንድ ደጋማ አገር ከ1,400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ እንዲሠራ መርቷል፤ በ1826 የተከፈተውን የሜናይ ተንጠልጣይ ድልድይም የነደፈው እርሱ ነው። ለማኅበሩ የተረፈው ግን ድልድዩ አይደለም። በየስብሰባው ይገኝ ነበር። አባላት በሥራ ላይ ያዩትን፣ የተሳካውንም የከሸፈውንም ጽፈው እንዲያቀርቡ፣ ውይይቱም እንዲመዘገብ አደረገ። መጻሕፍት ሰጥቶ ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። በ1828 ማኅበሩ የንጉሥ ቻርተር ሲያገኝ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። ሲሞትም ለማኅበሩ ገንዘብ ተናዘዘ፤ በስሙ የተሰየመው ሜዳልያ እስከ ዛሬ የሚሰጠው የተሻለ ጽሑፍ ላቀረበ ሰው ነው። ክብሩ ወደ ሐውልቱ ሳይሆን ወደ ቀጣዩ ጸሐፊ እንዲሄድ መደረጉን አስተውሉ።

ታሪኩ ግን ሌላም ገጽ አለው። ከቴልፎርድ በኋላ የመጣው ጄምስ ዎከር እስከ 1845 ድረስ 11 ዓመት በወንበሩ ቆየ። ከእርሱ በኋላ ፕሬዚዳንቶች በጥቂት ዓመታት ልዩነት ይፈራረቁ ጀመር። ረጅም አገልግሎት በረከት ሊሆን ይችላል፤ ተተኪ ካላፈራ ግን ማኅበሩን የአንድ ሰው ጓዳ ያደርገዋል። ስለዚህ የረጅም ዘመን መሪን ስናከብር «ስንት ዓመት መራ?» ከሚለው ጎን «ስንት መሪ አፈራ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በእኛ አገር ዘመናዊው የግንባታ ሙያ በተቋም መልክ የቆመው ከጦርነቱ በኋላ ነው። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቋመ። የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 ተመሠረተ። ባለሙያው ሲበዛ ማኅበራት ተከተሉ፤ የመሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር፣ ቆይቶም የሲቪል መሐንዲሶች፣ የአርክቴክቶችና የሥራ ተቋራጮች ማኅበራት ቆሙ። ከመሐንዲሶችና አርክቴክቶች ማኅበር ጋር ስሙ የተያያዘው «ዘዴ» የተባለው መጽሔት ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ አለ። ከቢሮው ሥራ በኋላ አምሽተው ጽሑፍ የሰበሰቡ፣ ያረሙ፣ ማተሚያ ቤት የተመላለሱ ሰዎች የደከሙበት ፍሬ ነው። እንዲህ ያለ መጽሔት ካባ ሊሸከመው የማይችለውን ማስታወሻ ይሸከማል።

አሁን ሁለቱን ታሪኮች ላገናኛቸው። የፈረሰኞች ማኅበር የገዛ አባሉን መዳኘት ያውቃል፤ እውቀቱ ግን በአብዛኛው በሽማግሌዎች አንደበት የሚኖር ነው። የመሐንዲሶች ማኅበር መጻፍ ያውቃል፤ በአባሉ ላይ መፍረድ ግን ሁልጊዜ ይከብደዋል፤ ዳኛውና ተዳኛው ነገ በአንድ ጨረታ የሚገናኙ ናቸውና። ለግንባታ ሙያ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ሲሚንቶ ያጎደለውን፣ ያላየውን ሥራ አይቻለሁ ብሎ የፈረመውን ባልንጀራ የሚገሥጽ መሪ ወዳጅ ያጣል፤ ደመወዝም የለውም። እንዲህ ያለውን ሰው ማክበር ማለት በዚያች አስቸጋሪ ቀን ብቻውን አለመተው ማለት ነው።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ አንድ መሪ ሲሸኝ ከካባው ጋር የዘመኑ ቃለ ጉባኤና የማኅበሩ ሰነድ ተሰብስቦ በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሁለተኛ፣ ተማሪዎቻችን በእንጅባራ፣ በዳንግላና በየወረዳው ወጥተው የማኅበር አለቆችን፣ የቀድሞ ግንበኞችንና የመንገድ ሠራተኞችን በሕይወት ሳሉ ያነጋግሩ፤ በአዊኛ የተነገረውም በአዊኛ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ በመሪው ስም የሚሰጠው ሽልማት ከሥራው ጉድለት የተማረውን በግልጽ ለጻፈ ወጣት ባለሙያ ይሁን።

ያለ ደመወዝ የመራ ሰው የሰጠን ዕድሜውን ነው። ዕድሜ አይመለስም፤ የምንመልስለት ቢኖር የጀመረውን ሥራ መቀጠል ነው።