ጎሃን፦ የተከበረው ሩዝና ያልበሉት ሰዎች

ጎሃን የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት የሰው ስም ሆኖ ነው። በልጅነታችን ድራገን ቦልን በዓረብኛ ስናይ ወሬው ባይገባንም የጎኩ ልጅ ጎሃን እንደሚባል ሁላችንም እናውቅ ነበር። ዓመታት አልፈው ጃፓንኛ በኦንላይን መማር ስጀምር ነው ጉዱ የወጣው፦ ለካ ያ ጀግና ልጅ ስሙ «የበሰለ ሩዝ» ነው!

አንድ ቀን መምህሬ «አሳጎሃን በልተሻል?» አለችኝ። አሳ ጠዋት ነው፣ ጎሃን ሩዝ። ደመርኩትና «ሩዝ አልበላሁም፣ ዳቦ ነው የበላሁት» አልኳት። ሳቀች። ዳቦውም አሳጎሃን ነው። ቁርስ አሳጎሃን፣ ምሳ ሂሩጎሃን፣ እራት ባንጎሃን ይባላል፤ ሰሃኑ ላይ አንዲት ፍሬ ሩዝ ባይኖርም እንኳ።

ይሄ ለእኔ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። እኛም «ለእንጀራ ብሎ ተሰደደ» ስንል ሰውየው ምጣድ ፍለጋ ሄደ ማለታችን አይደለም። ግን ቃሉን ይዤ ወደ ኋላ ስሄድ ታሪኩ ካሰብኩት በላይ መራራ ሆኖ አገኘሁት።

ጃፓኖች ለሩዝ አንድ ቃል አይበቃቸውም። ማሳ ላይ ያለው ተክል ኢኔ ነው፣ ያልበሰለው ፍሬ ኮሜ፣ የበሰለው ጎሃን። ምግብ ቤት ውስጥ ከፈረንጅ ምግብ ጋር በሰሃን ሲቀርብ ደግሞ ራይሱ ይሆናል። ጎሃን የሚለው ራሱ ሁለት ቁራጭ ነው፦ «ሃን» ከቻይና የመጣ የበሰለ እህል ማለት ሲሆን፣ «ጎ» የአክብሮት ቅጥያ ነው። እኛ ሰውን «አንቱ» እንደምንለው እነሱ ሩዙን አከበሩት ማለት ነው።

ሜሺ የሚል ሌላ ቃልም አለ። ዛሬ ሸካራ የወንዶች አነጋገር ነው። የተገኘው ግን ትልቅ ሰው ሲመገብ ከሚነገር የአክብሮት ግስ ነው። የአክብሮት ቃልም ሲነገር ሲነገር ያልቃል ማለት ነው። እንጀራም የሚሆነው ይሄው ሜሺ ነው፦ «የሜሺ ዘር» ማለት መተዳደሪያ ነው፣ ሥራ ቦታ የተገፋ ሰው ደግሞ «ቀዝቃዛ ሜሺ በላ» ይባላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር ከየት መጣ? ከጣዕም ብቻ አይደለም። ሩዝ ግብር ነበር፣ ደሞዝም ነበር። ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ ከ1582 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጀምሮ የአገሩን መሬት ሲያስለካ፣ መሬቱ የተገመተው በሚሰጠው ሩዝ ልክ ነው። መስፈሪያው ኮኩ ይባላል፤ 180 ሊትር ገደማ ነው፣ አንድን ሰው ለአንድ ዓመት ይመግባል ተብሎ የሚታሰብ። በኋላ በቶኩጋዋ ዘመን መስፍን ለመባል 10,000 ኮኩ ያስፈልግ ነበር፤ የካጋው መስፍን ደግሞ የሚሊዮን ኮኩ ጌታ ነበር። ሳሙራዩም ደሞዙን የሚቀበለው በሩዝ ነው።

ገበሬውስ? ካመረተው አርባ ከመቶውን፣ አንዳንዴም ግማሹን ይሰጣል። የቀረችውን ሩዝ ከገብስ፣ ከጥቃቅን እህልና ዳይኮን ከሚባለው ነጭ ሥር ጋር እየቀላቀለ ይበላል። በየቀኑ ንጹሕ ነጭ ጎሃን መብላት የጌታና የከተሜ ኑሮ ነበር። ግብሩ ከሩዝ ወደ ገንዘብ የተቀየረው በ1873 ነው።

ነገር ግን ነጩ ሩዝ የራሱን ዕዳ ይዞ መጣ። ወደ ኤዶ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ቶኪዮ፣ የገቡ ሰዎች እግራቸው ይዝላል፣ ያብጣል፣ ልባቸው ይደክማል፤ አገራቸው ሲመለሱ ይድናሉ። «የኤዶ በሽታ» አሉት። ዛሬ ቤሪቤሪ የምንለው ነው። ሩዙ ሲፈተግ ከገለባው ጋር ቫይታሚኑም ይወገድ ነበር። የባሕር ኃይሉ ሐኪም ታካኪ ካኔሂሮ ነገሩ ከምግብ ነው ብሎ ጠረጠረ። ሪዩጆ በተባለችው መርከብ ጉዞ ከ376 ሰዎች 169 ታመው 25 ሞተው ነበር። በ1884 ጹኩባ የተባለችው መርከብ ያንኑ መንገድ በተለየ ምግብ ስትጓዝ በበሽታው የሞተ አልነበረም። የምድር ጦሩ ግን ነጩን ሩዝ አልተውም አለ፤ ከሩሲያ ጋር በተደረገው የ1904–05 ጦርነት ከ20,000 በላይ ወታደሮች በቤሪቤሪ አለቁ። ብዙዎቹ የገበሬ ልጆች ነበሩ። አባቶቻቸው ያልጠገቡትን ነጭ ጎሃን በልተው ነው የሞቱት።

በ1918 የሩዝ ዋጋ ጣራ ሲነካ መጀመሪያ የተነሱት በቶያማ ባሕር ዳርቻ ያሉ የዓሣ አጥማጆች ሚስቶች ናቸው። «ሩዛችን በመርከብ ተጭኖ አይወጣም!» አሉ። አመፁ አገር አዳረሰ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ቴራኡቺ መንግሥት ወደቀ። የድሮ ወሬ ነው እንዳትሉ፣ በ2025ም ሩዝ በተወደደበት ሰሞን የግብርና ሚኒስትሩ «እኔ ሩዝ ገዝቼ አላውቅም፣ ደጋፊዎቼ ይሰጡኛል» ብለው በቀናት ውስጥ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በ1962 አንድ ጃፓናዊ በአማካይ በዓመት 118 ኪሎ ሩዝ ይበላ ነበር፤ ዛሬ ግማሹን እንኳ አይበላም። ቃሉ ግን ፓስታውንም ዳቦውንም ጎሃን ማለቱን አልተወም።

እኔን የያዘኝ ያ ገበሬ ነው፤ ማዕዱ ሁሉ የሚጠራበትን እህል አምርቶ ሌላ የሚበላው። አያቴ ጎጃም ውስጥ ጤፍ ታመርት ነበር። ትምህርት ተዘግቶ ስሄድ ለእኔ የጤፍ እንጀራ ይጋገራል፤ እሷ የምትበላው የዳጉሳና የበቆሎ ቅልቅል ነው። ጤፉ ወደ ገበያ ይሄዳል። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እኔ ይሄን ነው የምወደው፣ ልጄ» ትለኝ ነበር።

ብዙ ዓመት አምኛታለሁ።