ኦቲዝምና የምህንድስና ተሰጥዖ፤ የአንድ አስተሳሰብ ታሪክ

ከእኩዮቹ ተለይቶ የሚቀመጥ፣ ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል፣ የተበላሸ ሬዲዮ ወይም የግድግዳ ሰዓት ሲያገኝ ግን እስኪመሽ ድረስ ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ልጅ በብዙ ትምህርት ቤቶች ይገኛል። የዚህን ዓይነቱን ልጅ አይተው «ጠባዩ እንግዳ ነው እንጂ መሐንዲስ ይወጣዋል» የሚሉ መምህራንና ወላጆች ጥቂት አይደሉም። አባባሉ ከፊል እውነት አለበት። ከዚህም በላይ የራሱ ታሪክ አለው፤ የታሪኩ መነሻ የሕፃናት ክሊኒክ፣ ማደጊያው የስታቲስቲክስ ሠንጠረዥ ሲሆን፣ በመካከሉ በሕፃናት ሕይወት የተከፈለ ዋጋ ይገኛል። ቀጥሎ የሚቀርበው ይኸው ታሪክ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦቲዝም ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይ የአእምሮ ዕድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር ለመግባባት ይቸገራል፤ አንድን ነገር ደጋግሞ መሥራት ይወዳል፤ የለመደው ሥርዓት ሲለወጥበት ይረበሻል፤ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ንክኪ ከሌላው ሰው ይበልጥ ሊያስጨንቀው ይችላል። የልዩነቱ ስፋት ግን እጅግ ከፍተኛ ነው። ጨርሶ የማይናገር ልጅም፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ሰውም በዚህ በአንድ ስም ይጠራሉ። ከዚህ በታች የሚታየው ስሕተት ሁሉ በአብዛኛው የሚመነጨው ይህ ስፋት ከመዘንጋቱ ነው።

በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ክሊኒክ ውስጥ በ1911 በኤርቪን ላዛር የተቋቋመ አንድ ልዩ ክፍል ነበር። ክፍሉ ሕክምናንና ትምህርትን አጣምሮ ይሠራ ስለነበር፣ ለማስተማር ያስቸገሩ ሕፃናት እየገቡ በዚያው ይቆዩ ነበር፤ ሐኪሞችና ነርሶችም በጨዋታ፣ በማዕድና በትምህርት ሰዓት ጠባያቸውን ይከታተሉ ነበር። ከ1935 ጀምሮ ክፍሉን ይመራ የነበረው ሐኪም ሐንስ አስፐርገር ይባላል። በ1944 ባሳተመው ጥናት የአራት ወንዶች ልጆችን ሁኔታ በዝርዝር ገለጸ፤ ሌሎችንም በአጭሩ ጠቀሰ። ከእነዚህ አንዱ ገንዘቡን ሁሉ ለኬሚስትሪ ሙከራ የሚያውል ነው። ሌላው ሰውን በጥያቄ እያዋከበ ስለ ውስብስብ መሣሪያዎች አሠራር ከዕድሜው በላይ የሆነ ዕውቀት ያከማቸ ነው። ሌላው ደግሞ ወደ ጠፈር ስለሚበር መርከብ ከማሰብ የማያርፍ ሲሆን፣ አስፐርገር ይህን ከእውነተኛው ዓለም ምን ያህል የራቀ ሐሳብ እንደሆነ ለማስረዳት በምሳሌነት አቅርቦታል። ሰው ጨረቃን የረገጠው ከዚያ ጽሑፍ 25 ዓመት በኋላ ነው።

አስፐርገር እስከ ጎልማሳነት የተከታተለው አንድ ሰው ደግሞ በሕፃንነቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው የማዕዘናትን ቁጥር እያነሣ እናቱን በአሸዋ ላይ ቅርጽ ያሥላት ነበር። ይኸው ልጅ አድጎ ዩኒቨርሲቲ በገባበት ዓመት በኒውተን ሥራ ውስጥ አንድ የሒሳብ ግድፈት አገኘ፤ በኋላም በሥነ ፈለክ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። የአስፐርገር መደምደሚያ ሐሳብ፣ ጠባብ የሆነው ዝንባሌ ከሙያ ጋር ሲገናኝ ከሌላው የላቀ ውጤት ሊያስገኝ ይችላል የሚል ነበር። ስለ ቤተሰቦቻቸውም ሲናገር አብዛኞቹ የተማሩ መሆናቸውን ገልጾ፣ በመካከላቸው በእጅ ሙያ የሚተዳደር አባት ቢገኝ እንኳ ምናልባት እውነተኛ ጥሪውን የሳተ ሰው ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። ይህች አስተያየት ከሳይንስ ይልቅ የዘመኑን የመደብ ንቀት ትመስላለች፤ ነገር ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሳ መምጣቷን ወደፊት እንመለከታለን።

ጥናቱ የተጻፈበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ኦስትሪያ በመጋቢት 1938 በናዚ ጀርመን ተጠቃልላ ነበር። በ1940 በቪየና «አም ሽፒገልግሩንት» የተባለ የሕፃናት ተቋም ተከፈተ፤ እስከ 1945 ድረስ በዚያ ወደ 800 የሚጠጉ ሕፃናት ሞቱ፤ ብዙዎቹ ማደንዘዣ መድኃኒት እየተሰጣቸው፣ እየተራቡና ለሳንባ ምች እየተጋለጡ የተገደሉ ናቸው። ኸርቪግ ቼክ የተባለው የታሪክ ተመራማሪ በ2018 ባወጣው ጥናት አስፐርገር ራሱ ወደዚያ ተቋም ሕፃናትን እንደላከ በክሊኒኩ ሰነዶች አስረድቷል። ከእነዚህ አንዷ ሦስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበች ልጅ ነበረች፤ ወደ ተቋሙ በገባች በሁለት ወር ውስጥ ሞተች። አስፐርገር ስለ ልጆቹ ጠቃሚነት አጥብቆ መጻፉ ከሞት ለማዳን የተጠቀመበት ዘዴ ነበር የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ መከላከያው የተመሠረተው በተሰጥዖ ላይ ስለነበር፣ ሒሳብ ለማይችለው፣ መሣሪያ ለማይፈታው፣ ለማይናገረው ሕፃን የሚሆን አንዳች ክርክር በውስጡ አልነበረም።

በዚሁ ወቅት፣ በ1943፣ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሊዮ ካነር ስለ 11 ሕፃናት ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም አስተዋወቀ። እርሱም ወላጆቹ በአብዛኛው ከፍተኛ ትምህርት ያላቸው መሆናቸውን አስተዋለ። ነገር ግን ከዚህ አስተውሎ የተወለደው ትርጓሜ ጎጂ ሆነ፤ ልጆቹ እንዲህ የሆኑት ወላጆቻቸው፣ በተለይም እናቶቻቸው፣ ፍቅር ስለ ነፈጓቸው ነው ተባለ። ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አሰራጨ። ራሱ የኦቲዝም ልጅ አባት የነበረው በርናርድ ሪምላንድ ግን በ1964 መንሥኤው የአእምሮ አፈጣጠር መሆኑን ተከራክሮ ነበር። በ1977 ሱዛን ፎልስታይንና ማይክል ራተር 21 ጥንድ መንትዮችን አጠኑ፤ ፍጹም ከሚመሳሰሉት 11 ጥንዶች በአራቱ ሁለቱም ልጆች ኦቲዝም ሲኖራቸው፣ ከማይመሳሰሉት 10 ጥንዶች ግን በአንዱም አልተገኘም። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም የእናቶችን ክስ ለማፍረስና የዘር ውርስን ጉዳይ ለመክፈት በቂ ሆነ።

የውርስ በር ከተከፈተ፣ የሚወረሰው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ መከተሉ የማይቀር ነበር። በእንግሊዝ አገር አሚታ ሻህና ኡታ ፍሪት በ1983 ባቀረቡት ሙከራ፣ በትልቅ ሥዕል ውስጥ የተሸሸገ ትንሽ ቅርጽ ፈልጎ በማግኘት ረገድ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በአእምሮ ዕድሜ አቻዎቻቸው የሆኑትን ሌሎች ልጆች በለጡ፤ ከ25 ሥዕሎች በአማካይ 21 ያህሉን በትክክል አገኙ። ሌላው ሰው ሙሉውን ቤት ሲያይ እነርሱ መስኮቱን፣ የመስኮቱንም ማጠፊያ ያያሉ ማለት ነው። መሣሪያ ለሚጠግን ወይም ንድፍ ለሚመረምር ሰው ይህ ዓይነቱ ዐይን ትልቅ ሀብት መሆኑ ግልጽ ነው።

ምህንድስና በስሙ የተጠራው በ1997 ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ሳይመን ባረን ኮኸንና ባልደረቦቹ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ወላጆች ስለ ሥራቸው ጠየቁ። ከአባቶቹ መካከል 12.5 በመቶው መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ ለማነጻጸሪያ ከተወሰዱት አባቶች መካከል 5 በመቶው ብቻ መሐንዲሶች ነበሩ። በአያቶችም ዘንድ ተመሳሳይ ብልጫ ታየ። ጋዜጦች ይህን ተቀብለው «የመሐንዲስ ልጅ» እያሉ ጻፉ። በሚቀጥለው ዓመት ክሪስቶፈር ጃሮልድና ዴቪድ ራውዝ ያንኑ መረጃ እንደገና መርምረው፣ ብልጫው በመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን በሒሳብ ባለሙያዎችና በሳይንቲስቶችም ዘንድ እንዳለ፣ የጉልበት ሠራተኞች ግን ከሚጠበቀው ያነሱ መሆናቸውን አሳዩ። የተማረ ወላጅ ሐኪም ፈልጎ ልጁን ያስመረምራል፤ መጠይቅ ሲደርሰውም ሞልቶ ይመልሳል። የጉልበት ሠራተኛው ልጅ ግን ሳይመረመርና ሳይቆጠር ሊቀር ይችላል። የአስፐርገር የመደብ አስተያየት ተመልሳ የመጣችው እዚህ ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በንቀት መልክ ሳይሆን በናሙና አወሳሰድ ጉድለት መልክ ነበር። ከሁሉም በላይ ያው ቁጥር ተገልብጦ ሲነበብ ከመቶ አባቶች 87 ተኩል ያህሉ መሐንዲሶች አልነበሩም ይላል፤ ይህን የጻፈ ጋዜጣ ግን ቢፈለግ የሚገኝ አይመስልም።

ክርክሩን ወደ ከተማ ደረጃ ያመጣው የሆላንዱ የአይንድሆቨን ጥናት ነው። አይንድሆቨን ትንሽ ከተማ ነበረች፤ በ1891 የፊሊፕስ የአምፖል ፋብሪካ በዚያ ተቋቋመ፤ በ1956 ደግሞ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከትውልድ ወደ ትውልድም መሐንዲሶች ከየአቅጣጫው ወደ ከተማዋ ጎረፉ። በጥናቱ ወቅት በአካባቢው ከነበረው ሥራ 30 በመቶው በቴክኖሎጂ መስክ ሲሆን፣ በሃርለምና በኡትረኽት ይኸው ድርሻ 16 እና 17 በመቶ ነበር። በ2012 የታተመው ጥናት የሦስቱን አካባቢዎች ትምህርት ቤቶች ስንት ተማሪዎቻቸው ኦቲዝም እንዳለባቸው በሐኪም እንደተረጋገጠ ጠየቀ፤ 62,505 ልጆችን የሚመለከት መልስም ተገኘ። ከ10,000 ልጆች በአይንድሆቨን 229፣ በሃርለም 84፣ በኡትረኽት 57 ሆነ። የአይንድሆቨን ወላጆችና መምህራን ነቅተው ስለሚከታተሉ ነው እንዳይባል፣ ተመራማሪዎቹ የትኩረት ማነስንና የእንቅስቃሴ መታወክን የሚመለከቱ ቁጥሮችንም አብረው ሰብስበው ነበር፤ በእነዚህ ረገድ ሦስቱ አካባቢዎች ተመሳሳይ ሆኑ። ስለዚህ ውጤቱ በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ሆኖም ጥናቱ የእያንዳንዱን ልጅ ወላጅ ሥራ አልጠየቀም። ከተማዋ የመሐንዲሶች መሆኗንና ልጆቹ መብዛታቸውን ጎን ለጎን አስቀመጠ እንጂ ልጆቹ የመሐንዲሶች ልጆች መሆናቸውን አላሳየም። ዝምድናውም የሚነግረን ስለ ቤተሰብና ስለ አካባቢ እንጂ በክፍሉ ጥግ ስለ ተቀመጠው ስለ አንዱ ልጅ አይደለም። በአሜሪካ በ2013 የታተመ ብሔራዊ ጥናት ይህን ልዩነት ግልጽ ያደርገዋል። ኮሌጅ ከገቡት ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች 34 በመቶ የሚሆኑት የሳይንስ፣ የቴክኖሎጂ፣ የምህንድስና ወይም የሒሳብ ትምህርት ሲመርጡ፣ በጠቅላላው ተማሪ ዘንድ ድርሻው 23 በመቶ ያህል ነበር፤ ብልጫው በተለይ በኮምፒውተር ሳይንስ ጎልቶ ታየ። ነገር ግን በዚያው ጥናት ኦቲዝም ያለባቸው ወጣቶች ኮሌጅ በመግባት ረገድ ከሌሎቹ የአካል ጉዳት ዓይነቶች ሁሉ ከዝቅተኞቹ ተርታ ነበሩ። በዚያው አገር በ2020 በስምንት ዓመት ሕፃናት ላይ በተደረገ ክትትልም ኦቲዝም ካለባቸው ከሲሶ በላይ የሚሆኑት የአእምሮ ዕድገት ውስንነትም ነበረባቸው። ለዕቅድ አውጪ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከ229ኙ የሚያንሱ አይደሉም።

በአገራችን ለኦቲዝም የተለየ ትምህርት የተጀመረበት መንገድ ከተሰጥዖ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው ነበር። በማዕከሉ ንግግር ላልፈቱ ልጆች የአማርኛን ፊደል ድምፆች መሠረት ያደረገ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል።

ተሰጥዖው በእርግጥ በተገኘበት ጊዜ እንዴት ወደ ሙያ እንደሚደርስ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ምሳሌ የቴምፕል ግራንዲን ነው። በ1947 በቦስተን ተወለደች፤ እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ አልተናገረችም። በ14 ዓመቷ በሰደበቻት ተማሪ ላይ መጽሐፍ ወርውራ ከትምህርት ቤት ተባረረች። በኋላ በገባችበት በኒው ሃምፕሺር አዳሪ ትምህርት ቤት ዊልያም ካርሎክ የተባለ የሳይንስ መምህር አገኘች። አንድ ክረምት በአሪዞና በአክስቷ የከብት እርባታ ስትቆይ፣ ለክትባት የሚቀርቡ ከብቶችን ከሁለት ጎን ጫን አድርጎ የሚይዝ ማቀፊያ አየች፤ ከብቶቹ በውስጡ ሲረጋጉም አስተዋለች። ጭንቀት ሲበረታባት ራሷ ገባችበትና ተረጋጋች፤ ከዚያም ለራሷ የሚሆን ከእንጨት ሠራች። ሌሎች የትምህርት ቤቱ ሰዎች መሣሪያውን እንደ በሽታ ምልክት አይተው ሊያስተዋት ፈለጉ። ካርሎክ ግን መሣሪያው ለምን እንደሚያረጋጋ ለማወቅ ከፈለገች የሳይንስ ጽሑፎችን ማንበብና ሙከራ ማድረግ እንዳለባት ነገራት። ትምህርት ለምን እንደሚጠቅም ያልታያት ልጅ ወደ ቤተ መጻሕፍት የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው።

ግራንዲን ከጊዜ በኋላ ከብቶች ሳይደናገጡ የሚያልፉባቸውን ጠመዝማዛ መተላለፊያዎችና የቄራ ማጓጓዣ መያዣዎች ነደፈች፤ በሰሜን አሜሪካ ከሚታረዱት ከብቶች ግማሽ ያህሉ እርሷ በነደፈቻቸው መሣሪያዎች ያልፉ እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ሆኖም በትምህርቷ መሐንዲስ አይደለችም። አልጀብራ በሥዕል መልክ ሊታያት ስለማይችል ፈጽሞ አልገባትም፤ የመጀመሪያ ዲግሪዋን በ1970 ያገኘችው በሥነ ልቡና ሲሆን፣ የማስተርስና የዶክተርነት ማዕርጓን በ1975 እና በ1989 የተቀበለችው በእንስሳት ሳይንስ ነው። የመግቢያ ፈተናው በአልጀብራ ላይ የተመሠረተ አንድ የምህንድስና ኮሌጅ ቢሆን ኖሮ፣ ኦቲዝምንና ምህንድስናን ለማገናኘት ዛሬ በየጽሑፉ ስሟ የሚጠራው ሴት ከደጃፉ ትመለስ ነበር።