ጨፌውን ማን አደረቀው?

ኢሉባቦር ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ጫካና ቡና ነው፤ ጨፌውን ማን ያስታውሰዋል? በመቱ፣ በሁሩሙ፣ በጎሬና በበደሌ ዙሪያ በኮረብቶች መካከል የተኛውን ረግረግ ማለቴ ነው። ስፋቱ ከአገሩ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ትልቅ። የክረምቱን ውሃ እንደ ሰፍነግ ይዞ በበጋ በየምንጩ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ የቀረው ወደ ሶርና ገባ፣ ከዚያም ወደ ባሮ ይወርዳል። ሣሩ የጎጆ ክዳን ነው፤ በበዓል የሚጎዘጎዘው ቄጠማም ከዚያው ይታጨዳል። (ኦሮሞ ሸንጎውን ጨፌ ያለው በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይሰበሰብ ስለነበረ ነው፤ የክልሉ ምክር ቤት ዛሬም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።)

ታዲያ ውሃውን ማን አፈሰሰው? «ገበሬው ነዋ» ለማለት አንቸኩል። ራስ ተሰማ ናደው ጎሬ ላይ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ሲገዙ ባለጉልትና ባላባት ከላይ፣ ገባሩ ከታች ሆነ። የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ተከፍቶ ቡናው በባሮ ወደ ሱዳን መውረድ ሲጀምር ደግሞ ዳገቱን ቡና ወሰደው። በቆሎው የት ይሂድ? ወደ ረግረጉ! ጭሰኛው ቦይ ቆፍሮ ውሃውን አንጠፈጠፈ፤ በጥርና በየካቲት ዘርቶ፣ የዳገቱ እህል ሳይደርስ፣ ጎተራው ባዶ በሆነበት ክረምት እሸት በላ። ጌታውም ድርሻውን ወሰደ። እውነቱን ለመናገር ይህ በቆሎ ብዙ ቤት ከረሃብ አውጥቷል፤ ከተማ ተቀምጦ ቦዩን መርገም ቀላል ነው።

ደግሞም ገበሬው ልክ ያውቃል። ምንጩ ያለበትን የጨፌውን ራስ አይነካም። ሰብሉ ሲነሳ ቦዩን ይደፍናል፤ ውሃው ተመልሶ ይተኛል፣ መሬቱም ያርፋል። ከብት አይገባበትም፤ ከብት የረገጠው ረግረግ እንደ አውድማ ይጠጥራላ! አንዱ ቦዩን ሳይጠርግ ቢቀር የጎረቤቱ በቆሎ ስለሚሰጥም ሥራውን የሚያስተባብር፣ የሰነፈውን የሚቀጣ ሰው ይመረጣል፤ «አባ ላጋ» ይሉታል። ያልተጻፈ ሕግ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ። ጭሰኛው ተፈታ፤ ያን ቀን ማን ይረሳዋል! ጨፌው ግን አልተፈታም። መሬት ሲታደል ረግረጉም አብሮ ተሸነሸነ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከሰሜን የመጡ ሰፋሪዎች ተጨመሩ፤ ረግረግ አርሶ የማያውቅ የወሎ ገበሬ አያያዙን ከየት ያምጣው? በ1991 ዓ.ም. ግድም ደግሞ እህል ሲያጥር ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ረግረጉ ሁሉ ይታረስ ተባለ። ባላባቱ «ቆፍር» አለ፤ ካድሬው «ቆፍር» አለ፤ ግብረ ኃይሉም «ቆፍር» አለ። «ልክ ይኑረው» የሚለው አባ ላጋ ነው፤ እሱ ደግሞ ማኅተም የለውም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የውሃ ሕግ ባለርስቱ በገዛ መሬቱ ያለውን ረግረግ ያለ ፈቃድ እንዳይደፍን ገደበው፤ ባለርስቱም «ርስቴ ነው» እያለ ፍርድ ቤት ሲሟገት ይኖራል። እኛ ዘንድ መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው ባለይዞታ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456ም የረግረግ ብዝሃ ሕይወት እንዲጠበቅ አዘዘ። መልካም። ግን የጨፌውን ራስ ሳያርስ እንዲተው የሚታዘዘው ሰው ልጆች በሐምሌ ምን ይበላሉ? ካሣውንስ ማን ይከፍላል? ቢታረስ ደግሞ ቦዩ በጠለቀ ቁጥር ምንጩ ይደርቃል፤ እንስራ ተሸክማ ሩቅ የምትሄደው እናቱ ወይም ሚስቱ ናት። ይህን ሂሳብ ጽሕፈት ቤት ብቻውን አይጨርሰውም፤ አባ ላጋው ይጠራ።