ያልደረሰ ጋዜጣ፣ የደረሰ ጥሪ

ባለፈው ወደ ሐረር ጎራ ባልኩበት ጊዜ አቦከር ከሚገኝ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ከቀድሞ የማውቃቸው አንድ አዛውንት ስልካቸውን አቀበሉኝ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ከጋዜጣ ገጽ ላይ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም የተላከ የፍርድ ቤት ጥሪ ነው። በተከሳሽ ቦታ የሠፈረው የእርሳቸው ስም ነው። የቀጠሮው ቀን ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ፎቶውን የላከላቸው ደግሞ ቶሮንቶ የሚኖር የወንድማቸው ልጅ ነው። «ልጄ፣ አንተ ሕግ ተምረሃልና ንገረኝ። እኔ ባላየሁት ጋዜጣ ላይ ወጣ ማለት ለእኔ ተነገረኝ ማለት ነው?» አሉኝ።

ጥያቄው የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ዲጂታል ቴክኖሎጂ ጋዜጣን ምን አደረገው ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የጋዜጠኛውና የአሳታሚው ዕጣ ነው። ጋዜጣ ግን ዜና ብቻ ይዞ አያውቅም። የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የሐራጅ ሽያጭ፣ የወራሽነት ጥሪና የጨረታ ማስታወቂያ በእርሱ ጀርባ ታዝለው የኖሩ ናቸው። ተሸካሚው ሲደክም ሸክሙ የት ይወድቃል የሚለው ገና በቅጡ አልታሰበበትም።

ሐረር ለመገናኛ እንግዳ አይደለችም። ስልክ ወደ አገራችን የገባው ራስ መኮንን እ.ኤ.አ. በ1889 ኢጣሊያን ጎብኝተው ሲመለሱ ይዘውት በመምጣታቸው እንደሆነ ይነገራል። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር በአገሪቱ ከተዘረጉት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ደግሞ የካቶሊክ ሚሲዮን በዚሁ ከተማ በፈረንሳይኛ ጋዜጣ ማሳተም ጀምሯል። በእኛ ዘመንም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የሙከራ አገልግሎቱን ድሬዳዋ ላይ ሲጀምር፣ ከተከታዮቹ ከተሞች መካከል ሐረር ነበረች።

ስለዚህ አቦከር የጎደለው መስመር አይደለም። ኢንተርኔት በ1989 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገቡ ወዲህ ወሬ የሚጓዝበት መንገድ ተለውጧል። ቀድሞ የአዲስ አበባ ጋዜጣ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ አንድ ሁለት ቀን ዘግይቶም ቢሆን ይደርስ ነበር። አንዱ ቅጂ በሻይ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ ዜናውን የጨረሰ ሰው ማስታወቂያውንም ያነባል፤ የጎረቤቱን ስም ካየ ሄዶ ይነግረዋል። ዛሬ ያ ዙር የለም። የአፎቻው የለቅሶ ጥሪ ሳይቀር በስልክ ይደርሳል። ወረቀቱ፣ ቀለሙና ማጓጓዣው በተወደደበት፣ የንግድ ማስታወቂያውም ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም በሸሸበት ጊዜ፣ ጥቂት ቅጂ ወደ ክፍለ አገር መላክ ለአሳታሚው ኪሳራ ነው። አንባቢውም ቢሆን ትናንት በስልኩ ያየውን ዜና ዛሬ ገንዘብ ከፍሎ አይገዛም።

ሕጉ ግን አሁንም ያንን የሻይ ቤት አንባቢ አስቦ ይሠራል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጥሪያ በቅድሚያ ለተከሳሹ ራሱ እንዲሰጥ ይፈልጋል። ተከሳሹ ሊገኝ ካልቻለ ፍርድ ቤቱ ምትክ መንገድ ያዛል፤ በተግባር የተለመደው በጋዜጣ መጥራት ነው። ተከሳሹ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀበት ቀን አንስቶ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሳለት በአንቀጽ 78 መሠረት መጠየቅ ይችላል። ሆኖም መጥሪያው በአግባቡ እንዳልደረሰው ወይም በበቂ ምክንያት እንዳልቀረበ ማስረዳት አለበት። ጋዜጣው ታትሞ ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ ሲገኝ «አልደረሰኝም» ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ ችሎት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህ ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1703 የተመሠረተው የኦስትሪያ መንግሥት ጋዜጣ ቪነር ሳይቱንግ ከገቢው ትልቁን ድርሻ ያገኝ የነበረው ኩባንያዎች በሕግ ተገደው ከሚያወጡት ማስታወቂያ ነው። አገሪቱ ሕጉን ለውጣ ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት እንዲዛወር ስታደርግ፣ ዕለታዊው የወረቀት እትም ሰኔ 30 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. አከተመ። ማስታወቂያው ዲጂታል ሆነ፤ ጋዜጣውን ግን ይዞት ሄደ።

እንግዲያስ መጥሪያን በቴሌግራም መላክ ይበቃል? በእኔ እምነት አይበቃም። ጋዜጣ ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ በኃላፊነት የሚጠየቅ አሳታሚ አለው። ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ፎቶ ግን ማን እንዳዘጋጀው አይታወቅም፤ ቀኑን መፋቅ፣ ስም መለወጥ ቀላል ነው። ከዚህም ሌላ መስመሩ ራሱ አስተማማኝ አይደለም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት በስልክ ብቻ የተጠራ ሰው ቢኖር ኖሮ እንዴት ይደርሰው ነበር?

መፍትሔው አንዱን በሌላው መተካት ሳይሆን ማደራረብ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልዕክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል፤ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013ም የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃንን በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ አስገብቷል። መሠረቱ አለ ማለት ነው። በጋዜጣ የሚወጣ ጥሪ ሁሉ በዚያው ዕለት በስም ሊፈለግ በሚችል የፍርድ ቤት ድረ ገጽ ላይ ቢቀመጥ፣ የተከሳሹ ስልክ ከታወቀ አጭር መልዕክት ቢላክለት፣ ወረቀቱም በመጨረሻ በታወቀ መኖሪያው ወረዳ ቢለጠፍ ወጪው ከባድ አይሆንም። ዳኛውም «ጋዜጣ ላይ ወጥቷል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ አልፎ «ጋዜጣው ይህ ሰው ወደሚኖርበት አካባቢ ይደርሳል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሕጉ ሳይለወጥ እንኳ ብዙ ሰው ይተርፋል።

ለአዛውንቱ የመለስኩላቸው አጭር ነበር። «በሕግ ዓይን ተነግሮዎታል ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ ነገ ሳይሉ ጠበቃ ይዘው መዝገቡን ያስመልከቱ» አልኳቸው። ስልካቸውን ተቀብለው ፎቶውን ደግመው አዩት። «ቶሮንቶ የደረሰ ጋዜጣ አቦከር ሳይደርስ ቀረ በለኛ!» አሉና ተነሱ።