ስደተኛውን የተቀበለ እጅ፤ ከጥንቱ ሥርዓት እስከ አራዳ አርመኖች

በቸርችል ጎዳና ራስጌ የሚታየው የአራዳ ጊዮርጊስ ካቴድራልና በዚያው በአራዳ የሚገኘው የአርመኖች ቤተ ክርስቲያን የተሰየሙት በአንድ ሰማዕት ስም ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስለ ሃይማኖቱ እንደ ተገደለ ሁለቱም ያስተምራሉ። የስደት ዘመን ታሪክ ሲነገር ግን ጎልቶ የሚታየው የሞተው ነው፤ ያመለጠውና እንዲያመልጥ የረዳው ሰው ሥራ እምብዛም አይመረመርም።

ይሁን እንጂ የመጀመሪያይቱ ቤተ ክርስቲያን ኑሮ ያለ እነዚህ ረዳቶች ሊታሰብ አይችልም። ጳውሎስን በደማስቆ ቅጥር በቅርጫት አውርደው ያስመለጡት ደቀ መዛሙርት እንደ ነበሩ የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል። ርዳታው ውሎ አድሮ ሥርዓት ተበጀለት። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በጌታ ስም የመጣ ሁሉ እንዲስተናገድ ያዝዛል፤ መንገደኛው ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ እንዳይቆይ፣ ሊኖር የወደደ ግን ሙያ ካለው ሠርቶ እንዲበላ ይደነግጋል። ይኸው ክፍል በግዕዙ ሲኖዶስም ይገኛል። ስለዚህ መቀበል ማለት ማስጠለል ብቻ አልነበረም፤ እንግዳውን በሙያው ማኖርም ነበር።

ኢትዮጵያና አርመን ይህን ሥርዓት ተለዋውጠውታል። በ14ኛው መቶ ዓመት አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በሰንበት ክርክር ምክንያት ከአገራቸው ተሰደው፣ በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል ወደ አርመን ሄዱ፤ በዚያም አረፉ። አሳዳጆቻቸው አረማውያን ሳይሆኑ የገዛ ሃይማኖታቸው ሰዎች መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል። ደቀ መዛሙርታቸው ተመልሰው ትምህርታቸውን አጸኑ፤ በ1450 እ.ኤ.አ. በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የሰንበትን ነገር ተቀበለላቸው።

ብድሩ የተመለሰው በአራዳ ነው። በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ በተነሣው እልቂት ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች በኢየሩሳሌም በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ተጠልለው ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ልጆቹ የሙዚቃ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ፤ ከፓትርያርኩም ጋር ተስማምተው 40ውን አስመጡ። ልጆቹ በዚያው ዓመት በጳጉሜን አዲስ አበባ ገቡ፤ «አርባ ልጆች» ተባሉ፤ የቤተ መንግሥት ሙዚቀኞችም ሆኑ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ ስማቸው በአርመንኛ ጊዮርጊስ ማለት ነው፣ ዮፍታሔ ንጉሤ ቃሉን ለደረሱት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠሩ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያንም በጎዳናው ግርጌ በሚገኘው ቴአትር ቤት ሙዚቃ አስተማሩ።

ልጆቹ የመጡት ለአገልግሎት ስለ ነበረ ነገሩ ምጽዋት አይደለም የሚል ሊኖር ይችላል። እውነት ነው፤ ራስ ተፈሪ ሙዚቀኛ ይፈልጉ ነበር። ነገር ግን የጥንቱ ድንጋጌ ርኅራኄንና ሥራን አልለያየም። ወላጅ አልባው ልጅ ሲጠለል ሕይወቱ ተረፈ፤ ሥራ ሲሰጠው ክብሩ ተመለሰ። አራዳን የሚያጠና ሁሉ ከሰማዕታቱ መታሰቢያ ጎን ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ሊመዘግብ ይገባዋል።