የብረት ድልድል ወረቀት በጦርነት ዘመን

ቴምብርንና የገንዘብ ኖትን ትተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የታደሉትን የጥሬ ዕቃ ኩፖኖች የሚሹ ወረቀት ሰብሳቢዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ ዐይነት በጀርመን አገር የብረትን መጠን በኪሎግራም እየጠቀሰ የወጣው ወረቀት ነው። መልኩ የገንዘብ ኖት ቢመስልም ተግባሩ ሌላ ነበረ፤ ገንዘብ ብቻውን ብረት አይገዛም ነበርና፥ ፋብሪካው ከዋጋው ጋራ የመግዛት መብቱን የሚያስረዳ ወረቀት ማቅረብ ነበረበት።

የዚህ ሥርዓት ሥር የቆየ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በነሐሴ 1914 የፕሩሲያ ጦር ሚኒስቴር በዋልተር ራቴናው አሳሳቢነት የጥሬ ዕቃ ክፍል አቋቋመ። በ1937 መጀመሪያ ደግሞ፥ ሰላም ሳለ፥ ለጦር ዝግጅት ሲባል ብረት በድልድል ሆነ። ለእያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ድርሻው ይወሰንለታል፤ መሥሪያ ቤቱም ትእዛዝ ለሰጠው ፋብሪካ መብቱን ያስተላልፋል።

ነገር ግን የተሰጠው መብት ከሚቀልጠው ብረት በለጠ። ፋብሪካዎችም ብረቱ እንደሚዘገይ ስላወቁ አስቀድመውና ከሚያስፈልጋቸው አብልጠው ማዘዝን ለመዱ። ወርቅ ሳይኖር እንደሚታተም ገንዘብ፥ ወረቀቱ በበዛ ቍጥር ኀይሉ ደከመ። ስለዚህ በሚያዝያ 1942 አልበርት ሽፔር፥ ኤርሃርት ሚልሽና ፓውል ከርነር ያሉበት የማዕከላዊ ፕላን ጉባኤ ተመሠረተ፤ ዋና ሥራውም ድልድሉን በእርግጥ ከሚመረተው ጋራ ማመዛዘን ነበረ።

ይህ ደዌ የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። በአሜሪካም መንግሥት ለጦር መሣሪያ ሠሪዎች የቅድሚያ ማዕርግ ይሰጥ ነበር፤ ሆኖም ከፍተኛው ማዕርግ ለብዙዎች በመታደሉ ቅድሚያ መሆኑ ቀረ። በኅዳር 1942 የታወጀውና በሐምሌ 1943 ሙሉ በሙሉ በሥራ የዋለው አዲስ ፕላን ብረትን፥ መዳብንና አሉሚኒየምን በማዕርግ ሳይሆን በመጠን አደላደለ።

ሰብሳቢ ንጹሑንና ያልተሠራበትን ወረቀት ይመርጣል። ለታሪክ መርማሪ ግን ማኅተም ያረፈበትና ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው ይበልጥበታል፤ የመብቱን መንገድ ያሳያልና። ይሁን እንጂ በፊቱ የተጻፈው ኪሎ የተስፋው ልክ እንጂ የተረከቡት ብረት ልክ አይደለም። እንዲሁም በዚያ ዘመን በጀርመን ማዕድንና ፋብሪካ በግድ የሠሩት በሚሊዮን የሚቈጠሩ የውጭ አገር ሰዎች በወረቀቱ ላይ አይታዩም። ወረቀቱ የሚመሰክረው ለአዳዩ አሳብ ነው፤ ስለ ሠራተኛው ድካም የሚጠይቅ ሰው ሌላ ምስክር መፈለግ አለበት።