ንባቡና ትርጓሜው፤ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ቋንቋ ስለ ማስተማር

የአባቶቻችን ትምህርት ከጥንት ጀምሮ በሁለት ዐምዶች የቆመ ነው፤ እነርሱም ንባብና ትርጓሜ ናቸው። ደቀ መዝሙሩ መጽሐፉን በግዕዝ ያነባል፤ መምህሩም የንባቡን ምሥጢር በአማርኛ ይፈታለታል። አንዱ ፍች ያልበቃ እንደ ሆነ መምህሩ «አንድም» እያለ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ይጨምራል፤ ምሳሌውንም ተማሪው ከሚያውቀው ከእርሻውና ከቤቱ ያመጣለታል። ግዕዝ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት ቢያልፉም ትምህርቱ ከእኛ ዘመን ሊደርስ የቻለበት አንዱ ምክንያት፣ ንባቡ ያለ ትርጓሜ ብቻውን አለመተዉ ነው ብለን እናምናለን።

ይህን በመቅድም ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘመናዊው ትምህርት ወደ አገራችን ሲገባ ተማሪው እንደ ገና በአፍ መፍቻው ያልሆነ መጽሐፍ ቀረበለት። ከጣሊያን ወረራ በፊት በዘመናዊዎቹ ትምህርት ቤቶች ከውጭ ቋንቋዎች ሁሉ ይልቅ የፈረንሳይኛ ሥፍራ ከፍ ያለ ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ግን እንግሊዝኛ ሥፍራውን ያዘ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ አማርኛ እስከ 6ኛ ክፍል የማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ ቀጠለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ አንደኛው ደረጃ በየብሔረሰቡ ቋንቋ፣ ሁለተኛውና ከፍተኛው ደረጃ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። እንግዲህ የአገራችን ልጆች ከፍ ያለውን የሳይንስ ትምህርት በእንግሊዝኛ መስማት ከጀመሩ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗል ማለት ነው። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ንባቡን ከውጭ ስንቀበል ትርጓሜውን ለማን ተውነው?

ነገሩ ቀላል እንዳይመስለን ሁለት ቃላትን እንመርምር። የፊዚክስ መጽሐፍ «ፎርስ»፣ «ኢነርጂ»፣ «ፓወር» እያለ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮችን ይጠራል፤ አማርኛ ተናጋሪው ልጅ ግን በዕለት ንግግሩ ሦስቱንም «ኃይል» ሊላቸው ይችላል። ደግሞም በእንግሊዝኛ ትምህርቱ «ሶሉሽን» መፍትሔ ማለት ነው ተብሎ የተማረ ልጅ፣ በሚቀጥለው ሰዓት የኬሚስትሪ መምህሩ ጨው የሟሟበትን ውሃ «ሶሉሽን» ሲለው ግራ ይገባዋል። ይህ ልጅ በፈተና ቢወድቅ ሳይንሱን ስላላወቀ ነውን? ወይስ ቃሉን ስላላወቀ? መምህሩ ይህን ለይቶ የሚያይበት መሣሪያ ከሌለው የሚያውቀውን ልጅ ከማያውቀው ጋር ይቈጥረዋል። ጉዳቱ በዚህ ላይ ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛ የአገሩ ቋንቋ በሆነበት በአሜሪካም ከሌላ አገር የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ስለ ደረሰባቸው፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እንግሊዝኛ የማይናገሩ 2,856 የቻይና ተወላጅ ተማሪዎች ነበሩ። ከእነዚህም 1,000 ያህሉ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ትምህርት ሲያገኙ፣ 1,800 የሚሆኑት ምንም ርዳታ ሳይደረግላቸው ከሌሎቹ ጋር ይቀመጡ ነበር። ወላጆች አቤት ቢሉ የበታች ፍርድ ቤቶቹ አልተቀበሏቸውም። ልጆቹ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት ተሰጥቷቸዋል፤ ተማሪም ሁሉ ከቤቱ የየራሱን ዕድልና ጉድለት ይዞ ይመጣል ተባለ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን «ላው በኒኮልስ ላይ» ተብሎ በሚጠራው በዚህ ጉዳይ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 21 ቀን 1974 በአንድ ድምፅ ለተማሪዎቹ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ሲሆኑ መሠረቱም የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነበር። የሐሳቡም ፍሬ ይህ ነው፦ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ አንድ ዓይነት መምህርና አንድ ዓይነት ሥርዐተ ትምህርት መስጠት ብቻውን እኩልነት አይባልም፤ የማይገባውን ትምህርት የሚሰማ ልጅ ከትምህርት ገበታ እንደ ተከለከለ ይቈጠራልና። በ1981 ደግሞ ሌላ የይግባኝ ፍርድ ቤት መመዘኛ አወጣ፤ ለእነዚህ ተማሪዎች የሚደረገው ዝግጅት በጤናማ ዕውቀት ላይ የተመሠረተ፣ በቂ መምህርና መሣሪያ የተመደበለት፣ ውጤቱም በሥራ የተፈተነ ይሁን አለ።

ፍርድ ቤት መብትን ቢያውጅም እንዴት እንደሚማር ሊያሳይ አይችልም፤ ይህ የመምህራንና የመጽሐፍ አዘጋጆች ሥራ ነው። ከ1987 ጀምሮ በማሳቹሴትስ ግዛት የተደረገ አንድ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ስሙ «ቼቼ ኮነን» ይባላል፤ በሄይቲ ክሪዮል ቋንቋ ዕውቀትን መፈለግ ማለት ነው። ከሄይቲ ቤተሰቦች የተወለዱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ በትምህርት ቤታቸው ካሉት የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎች ክፍላቸው ባለበት በሦስተኛው ፎቅ ያለው ይጣፍጣል ብለው ያምኑ ነበር። እውነት መሆኑን ይፈትኑ ዘንድ ውሃው ከየት እንደ ተቀዳ ሳይነገራቸው ቀመሱ። ከሦስት እጅ ሁለቱ የመረጡት ግን የምድር ቤቱን ውሃ ሆኖ ተገኘ! ተደነቁ፤ ሙከራውንም በሌሎች ተማሪዎች ላይ ደገሙት። ከዚያም የውሃውን ጨዋማነት፣ ኮምጣጣነት፣ ባክቴሪያና ሙቀት መረመሩ። በመጨረሻም የምድር ቤቱ ውሃ ከሌሎቹ ይልቅ ቀዝቃዛ መሆኑን አይተው፣ ጣዕሙን የለየው ቅዝቃዜው ሳይሆን አይቀርም ወደሚል አሳብ ደረሱ። እነዚህ ልጆች ሲከራከሩ በሚያውቁት ቋንቋ እንዲናገሩ ተፈቅዶላቸው ነበር። እንግሊዝኛው እስኪበስል ድረስ ሳይንሱ ደጅ እንዲጠና አልተደረገም። በ2018 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ያወጡት ጥናትም ቋንቋና ሳይንስ አብረው የሚያድጉ እንጂ አንዱ ለሌላው ተራ የሚጠብቅ አለመሆኑን አስረድቷል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1997 ዓ.ም. ግድም በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ተተክሎ፣ በደቡብ አፍሪቃ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። የታሰበው መልካም ነበር፤ ላቦራቶሪ ያልነበረው የገጠር ትምህርት ቤት ከከተማው ጋር እኩል ሙከራ ሊያይ ቻለ። እኛም በዚያ ሰሌዳ ፊት ከተቀመጡት ተማሪዎች መካከል ነበርን። የምናስታውሰውም ይህን ነው፤ አስተማሪው ከመስታወቱ ውስጥ በፈጣን እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ቃሉን ስንጽፍ ሐሳቡ ያልፈናል፤ ሐሳቡን ስንከተል ቃሉ ይጠፋናል። በክፍሉ ጥግ የቆመው መምህራችን ግራ መጋባታችንን በዐይኑ ያያል፤ ነገር ግን ሥርጭቱን አቁሞ «አንድም» ሊል አይችልም። ንባቡ ከሰማይ ወረደ፤ ትርጓሜው ግን በመምህሩ አፍ ታፍኖ ቀረ። ለሁሉም አንድ ዓይነት መስጠት እኩልነት እንዳልሆነ ፍርድ ቤት ሳንሄድ ተማርነው።

ታዲያ ለመምህሩ የሚጠቅም የሳይንስ መጽሐፍ ምን ይምሰል? እንግሊዝኛውን አስወግዱት ማለታችን አይደለም። የምንለው መጽሐፉ ትርጓሜውን ይዞ ይምጣ ነው። ለምሳሌ ስለ መፍላት የሚያስተምረው ክፍል በ«ፈርመንቴሽን» አይጀምር። ልጁ እናቱ ሊጥ ስታቦካ አይቷል፤ እርሾ ሲገባበት ኩፍ እንደሚል፣ እንጀራውም ዐይን እንደሚያወጣ ያውቃል። መጽሐፉ አስቀድሞ «ዐይኑን የከፈተው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀው፤ ልጁም ከጓደኛው ጋር በቤቱ ቋንቋ ይከራከርበት። ከሊጡ አየር እንደሚወጣ በሙከራ ካየ በኋላ፣ አየሩ «ካርቦን ዳይኦክሳይድ»፣ ሥራውም «ፈርመንቴሽን» እንደሚባል ይነገረው። ቀጥሎም ግማሹ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ይሰጠውና የቀረውን እርሱ ይሙላው። በመምህሩ መጽሐፍ ደግሞ ተማሪው በየትኛው ቃል ሊሰናከል እንደሚችል፣ ስዕሉን መቼ እንደሚያሳይ፣ ልጁ የጐደለው ዕውቀት ይሁን ቃል በምን ጥያቄ እንደሚለይ በግልጽ ይጻፍለት።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ትርጕሙን ሳያውቅ የእንግሊዝኛ ስያሜ የሚደረድር ተማሪ ሳይማር የጠመጠመ ነው፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም፤ ጥምጥሙን አስቀድመን የሰጠነው እኛ ነንና። ስለዚህ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሹማምንት፣ በክፍል የምትቆሙ መምህራን ሆይ፤ አዲስ መጽሐፍ በእጃችሁ ሲገባ ገጹን ከመቍጠራችሁ በፊት ትርጓሜው የት እንዳለ ፈልጉ። ተማሪዎችም ያልገባችሁን ቃል «ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ከመጠየቅ አትፈሩ። ንባቡን ከሌላ አገር ልንቀበል እንችላለን፤ ትርጓሜውን ግን ከእኛ በቀር የሚሠራልን የለም።